ከስድስት ኪሎ ቁልቁል፣ በነገሥታቱ ዛፎች ጥላ

ከመስቀል በኋላ ያሉት ጥቂት ሳምንታት ለአዲስ አበባ እግረኛ ታስበው የተሠሩ ይመስላሉ። ክረምቱ ወጥቷል፣ አቧራው ገና አልተነሣም፣ “በጥቅምት አንድ አጥንት” የሚያሰኘው ብርድም ብቅ የሚለው ጠዋትና ማታ ብቻ ነው። መስከረም 26 መፀው ይገባል፤ ቤተ ክርስቲያንም ከዚያ ቀን ጀምሮ እስከ ኅዳር 5 ያለውን ጊዜ ዘመነ ጽጌ ትለዋለች። አውሮፓ በዚህ ሰሞን ቅጠሉን ያራግፋል፤ እኛ ጋ ደግሞ ወቅቱ የአበባ ነው። ስሟ ራሱ አበባ የሆነ ከተማ በዚህ ጊዜ ካልታየች መቼ ልትታይ ነው?

ለሰሞኑ የምመክራችሁ መንገድ ከስድስት ኪሎ ተነሥቶ፣ በአራት ኪሎ አድርጎ፣ መስቀል አደባባይ የሚያደርሰውን ነው። አብዛኛው ቁልቁለት ስለሆነ ጉልበት አይጨርስም። ሳትጣደፉ፣ እየቆማችሁ፣ ግማሽ ቀን ስጡት። በአንድ መንገድ ሦስት ቤተ መንግሥቶችን፣ ከነዛፎቻቸው፣ ታያላችሁ።

የመጀመሪያው ገነተ ልዑል ነው፤ የዛሬው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ዋና ግቢ። ስሙን ልብ በሉት፤ የልዑል ገነት፣ የልዑል የአትክልት ስፍራ ማለት ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ያሠሩት ይህ ግቢ በወረራው ዘመን የግራዚያኒ መቀመጫ ሆነ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ምጽዋት ይሰጣል ተብሎ የከተማው ድኻ እዚሁ ተሰበሰበ። አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ቦምብ ወረወሩ፤ ጣሊያኖችም በተሰበሰበው ሕዝብ ላይ ተኮሱ። ጭፍጨፋው ለሦስት ቀን ከተማዋን አዳረሰ። ኢትዮጵያ በኋላ ያቀረበችው የሟቾች ቁጥር 30 ሺሕ ነው። አደባባዩ ላይ የቆመው ሐውልት የእነሱ መታሰቢያ ነው።

ግቢው ውስጥ የትም የማያደርስ ደረጃ አለ። ፋሺስቶቹ ሮም ላይ ሥልጣን ከያዙበት ከ1922 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለእያንዳንዱ ዓመት አንድ ደረጃ እያሉ የገነቡት ነው። ጣሊያን ሲባረር ግን ደረጃው አልፈረሰም፤ ጫፉ ላይ የይሁዳ አንበሳ ተቀመጠበት፣ በቃ። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ የታገቱ ባለሥልጣናት የተገደሉትም እዚሁ ቤተ መንግሥት ውስጥ ነው። ብዙም ሳይቆይ ንጉሡ ግቢውን ለዩኒቨርሲቲ ሰጡት። ዛሬ እዚያው ዛፎች ሥር ተማሪዎች ሃንድአውት ዘርግተው ያነባሉ። ጃካራንዳውን በሐምራዊ አበባው ለማየት ግን በልግን መጠበቅ አለባችሁ።

በአራት ኪሎ የድል ሐውልቱን ዞራችሁ ወደ ታች ስትወርዱ የምኒልክ ግቢ ይመጣል። ይህ ግቢ ለተራ ሰው ከመቶ ዓመት በላይ አጥር ብቻ ነበር። መስከረም 29 ቀን 2012 ዓ.ም. አንድነት ፓርክ ተብሎ ሲከፈት ነው የግብር አዳራሹንና የዙፋን ቤቱን ገብተን ያየነው። መንገዳችሁን ስትቀጥሉ ደግሞ አዲስ አበባ ከዛፍ ጋር ያላትን ውለታ አስቡ። በምኒልክ ዘመን በዙሪያው ያለው ደን ለማገዶና ለቤት መሥሪያ ተመንጥሮ ሲያልቅ ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም የማዛወር ሐሳብ ነበር። ከአውስትራሊያ የመጣውና ቶሎ የሚያድገው ባሕር ዛፍ ነው ከተማዋን ባለችበት ያቆማት። በኢኮኖሚክስ ቋንቋ፣ የአቅርቦት ችግር በአንድ ችግኝ ተፈታ ማለት ነው።

ሦስተኛው ለንግሥናው 25ኛ ዓመት በ1948 ዓ.ም. የተመረቀው የኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ነው፤ ዛሬ ብሔራዊ ቤተ መንግሥት የምንለው። ከዚህ ግቢ ነው ንጉሡ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ በአዲስ ዓመት ማግስት፣ በቮልስዋገን ተጭነው የወጡት። ከዚያ በታች መስቀል አደባባይ አለ፤ መንገዳችሁም እዚያ ያበቃል።

እንግዲህ በእነዚህ በሮች ሁሉ ስታልፉ አንድ ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም፦ የማን ናቸው? የነገሥታቱ የነበረው የእኛ ሆኗል፣ ጥሩ። ግን አንዳንዱ በር መታወቂያ፣ አንዳንዱ ቲኬት ይጠይቃል። አራት ልጆች ያሏት እናት የቲኬቱን ዋጋ ታባዛለች፣ የታክሲና የለስላሳ ትጨምርበታለች፣ ከዚያ “ሌላ ጊዜ” ትላለች። ተመርቆ ሥራ የሚፈልግ ወጣትም ቤቱ አንድ ክፍል ነው፤ የሚቀመጥበት ሲያጣ ካፌ ይገባል። እውነቱን ለመናገር፣ ብዙዎቻችን በማኪያቶ ስም የምንከፍለው የወንበር ኪራይ ነው።

ክፍያ ይቅር እያልኩ አይደለም። አትክልተኛ፣ ጥበቃና ውኃ በነጻ አይገኙም። ቅዳሜና እሑድ ሰው ሲጨናነቅ ዋጋ መኖሩም ምክንያት አለው። ማክሰኞ ጠዋት ግን ሌላ ነው። ግቢው ባዶ ነው፣ አትክልተኛው ደመወዙን ያገኛል፣ አበባው ውኃውን ጠጥቷል። በዚያ ሰዓት አንድ ተጨማሪ ሰው ቢገባ የሚያስወጣው ወጪ ዜሮ ለማለት ምንም አይቀረውም። ኢኮኖሚክስ አንደኛ ዓመት ላይ እንደተማርነው፣ ተጨማሪ ወጪው ዜሮ የሆነን ነገር በዋጋ መከልከል የማንንም ኪስ አይሞላም፤ የከለከላችሁትን ሰው ግን በእርግጥ ያጎድልበታል።

ስለዚህ ሐሳቤ ቀላል ነው። በሳምንት አንድ የሥራ ቀን፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት፣ እነዚህ በሮች በነጻ ይከፈቱ። ጡረተኛው በትሩን ይዞ፣ እናት ልጇን አዝላ፣ ሥራ ፈላጊው ሲቪውን በፌስታል ይዞ ይግባ። የሚገቡት የሚሸጥ ነገር ፍለጋ አይደለም፤ የሚፈልጉት ጥላና አግዳሚ ወንበር ነው። ኪሳራ ካለው፣ ከሦስት ወር ሙከራ በኋላ ሒሳቡ ይታይ።

እስከዚያው መፀው አጭር ነው። ኮረሪማ የገባበት ቆሎ በኪሳችሁ ያዙ፣ የምትወዱትን አንድ ሰው ጥሩና ከስድስት ኪሎ ጀምሩ።