የጭነት እሽግና የቁጥሩ ምስክርነት

የጭነት እሽግ በኮንቴነር በር ወይም በውድ ዕቃ መያዣ ላይ የሚደረግ የአንድ ጊዜ መገልገያ ሲሆን፣ ቁልፍ በዋናነት መግባትን ለመከልከል ሲሠራ እሽግ ግን አንድ ሰው መግባቱን ለማሳወቅ ይሠራል። ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት 17712 በተሰኘው ደረጃው የኮንቴነር እሽጎችን እንደ ጥንካሬያቸው በሦስት ይመድባል፤ በቀላሉ ተበጥሰው ምልክት ብቻ የሚሰጡ፣ በመጠኑ የሚቋቋሙ፣ እንዲሁም ከፍተኛ ጥበቃ የሚሰጡ ናቸው።

ከሦስተኛው ምድብ የሚታወቀው የብሎን እሽግ ሲሆን፣ የብረት ዘንጉ በበሩ መቀርቀሪያ ቀዳዳ አልፎ ወደ መቀበያው ሲገባ በውስጡ ያለው ቀለበት ስለሚይዘው፣ ለመክፈት በጠንካራ መቁረጫ መቆረጥ አለበት። አሜሪካ በባሕር ለሚገቡባት ጭነት የያዙ ኮንቴነሮች ይህን ምድብ ከእ.ኤ.አ. ኦክቶበር 15 ቀን 2008 ጀምሮ ግዴታ አድርጋለች። ለአነስተኛ ጥቅሎች ደግሞ ሲላጥ የተሰወረ ጽሑፍ የሚያሳይ ተለጣፊ ያገለግላል።

ይሁንና የእሽግ ዋጋ ያለው በብረቱ ብቻ ሳይሆን በላዩ በታተመው ልዩ ቁጥር ጭምር ነው። ከጅቡቲ ወደ ሞጆ ደረቅ ወደብ የሚጓዝ ኮንቴነር የእሽግ ቁጥር በሰነድ ተመዝግቦ መድረሻው ላይ ካልተመሳከረ፣ እሽጉ ተቆርጦ በሌላ ቢተካ የሚያውቅ አይኖርም። ሌቦች እሽጉን ሳይነኩ የመቀርቀሪያውን ማያያዣ ፈትተው በሩን ሊከፍቱ ስለሚችሉም፣ ተረካቢው ከቁጥሩ በተጨማሪ ማጠፊያዎችንና ብሎኖችን መፈተሽ፣ ልዩነት ካገኘም በሩ ከመከፈቱ በፊት ፎቶ አንሥቶ በርክክብ ሰነዱ ላይ ማስፈር ይኖርበታል።