የቶክን ሒሳብ ቁልፍ የት ይቀመጣል?



የዛሬው ንግግሬ ጠባብ በሚመስል፣ ነገር ግን ሰዎችን ለከባድ የገንዘብ ጉዳት ሊዳርግ በሚችል ጥያቄ ላይ ያተኩራል። አንድ ሰው በኮምፒውተሩ የትእዛዝ መስመር አዲስ የቶክን ሒሳብ ሲከፍት፣ የዚያ ሒሳብ ምስጢራዊ ቁልፍ የት ይቀመጣል? ለምሳሌነት ሶላና የተባለውን የክሪፕቶ ገንዘብ ሥርዐት እንመልከት።

በቅድሚያ «የቁልፍ ጥንድ» የሚለውን እናብራራ። ጥንዱ ይፋዊና ምስጢራዊ ቁልፎችን ይይዛል። ይፋዊው እንደ አድራሻ ስለሚያገለግል ማንም ቢያየው ጉዳት የለውም። ምስጢራዊው ግን እንደ ማኅተም ነው፤ የያዘው ሁሉ በባለቤቱ ስም ሊፈርምበት ይችላል።

«ሶላና ኪጀን» የተባለው መሣሪያ አዲስ ጥንድ ሲፈጥር፣ ሌላ ቦታ ካልተነገረው በቀር «አይዲ ዶት ጄሶን» በሚባል ፋይል ያስቀምጠዋል። ፋይሉን ብንከፍተው የምናገኘው 64 ቁጥሮችን ብቻ ነው፤ እያንዳንዳቸው ከ0 እስከ 255 ይደርሳሉ። የመጀመሪያዎቹ 32 ምስጢራዊው ክፍል፣ የቀሩት 32 ይፋዊው ቁልፍ ናቸው። እዚህ ላይ ልብ ማለት የሚያሻው፣ ፋይሉ በይለፍ ቃል ያልተቆለፈ መሆኑ ነው። መሣሪያው ቁልፉን ሲፈጥር ተጨማሪ የምስጢር ሐረግ እንድናስገባ ይጠይቀናል፤ ብዙዎች ይህ ሐረግ ፋይሉን የሚቆልፍ ይመስላቸዋል። ሐረጉ የሚያገለግለው ግን ቁልፉን ከመጠባበቂያ ቃላቱ መልሶ ለማውጣት ነው። ፋይሉ ራሱ ክፍት ሆኖ ይኖራል፤ የቀዳው ሰው ሐረጉን ማወቅ አያስፈልገውም።

አሁን ወደ ቶክን ሒሳቡ እንምጣ። በሶላና ለእያንዳንዱ የቶክን ዓይነት ለብቻው የተመዘገበ ሒሳብ ይከፈታል። በመዝገቡም የቶክኑ ዓይነት፣ የባለቤቱ አድራሻና የተቀመጠው መጠን ይሰፍራሉ። ሒሳቡን የመክፈቻ መንገዶች ሁለት ናቸው።

አንደኛው የተለመደው መንገድ ነው። የሒሳቡ አድራሻ ከባለቤቱ አድራሻ፣ ከቶክኑ አድራሻና ከቶክን ፕሮግራሙ አድራሻ በስሌት ይገኛል። ስሌቱ ሆነ ተብሎ የተዘጋጀው ለውጤቱ ምንም ምስጢራዊ ቁልፍ እንዳይኖረው ነው። ስለዚህ በኮምፒውተሩ ውስጥ የቁልፍ ፋይል ፈልጎ ያጣ ሰው የጠፋበት ነገር የለም፤ ቀድሞውንም አልነበረምና።

ሁለተኛው፣ ተጠቃሚው የራሱን የቁልፍ ጥንድ ለሒሳቡ የሚያቀርብበት መንገድ ነው። የዚህ ቁልፍ ፊርማ የሚፈለገው ሒሳቡ በሚከፈትበት ጊዜ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ቶክን ለማስተላለፍ የሚፈርመው በመዝገቡ ላይ ባለቤት ተብሎ የሰፈረው ቁልፍ ነው። ለአዲስ የቶክን ዓይነትም ነገሩ ተመሳሳይ ነው፤ የቁልፍ ፋይል ካልተሰጠው መሣሪያው ጊዜያዊ ጥንድ ፈጥሮ ይፈርምበታል፣ ሳያስቀምጠውም ያልፋል። ቶክን የማተም ሥልጣን የሚሰጠው ለሌላ ቁልፍ ስለ ሆነ ጉዳት አይከተልም።

ከዚህ የምንረዳው ሥልጣንና አድራሻ የተለያዩ መሆናቸውን ነው። የቤት ቁጥር የቤቱን በር አይከፍትም። የአንድን ቶክን ሒሳብ መክፈቻ ፋይል ያጣ ሰው ገንዘቡን አላጣም። የባለቤትነቱን ፋይልና መጠባበቂያ ቃላቱን አንድ ላይ ያጣ ግን፣ በዚያ ቁልፍ ሥር ያሉትን ሒሳቦች ሁሉ አጥቷል፤ ቁልፉን የሚመልስለት ባንክም ሆነ ፍርድ ቤት የለም። ፋይሉን ከፕሮግራም ኮዱ ጋር በይፋ ማከማቻ ላይ የጫነም ገንዘቡን ለመንገደኛ ሁሉ አሳልፎ ሰጥቷል።

ስለዚህ ሦስት ነገሮችን እመክራለሁ። ሒሳብ ከመክፈታችሁ በፊት መሣሪያው በየትኛው ቁልፍ እንደሚፈርም «ሶላና ኮንፊግ ጌት» በሚለው ትእዛዝ አረጋግጡ። ገንዘብ ከማስገባታችሁ በፊት ቁልፉን ከመጠባበቂያ ቃላቱ መልሳችሁ አውጡና አድራሻው አንድ መሆኑን አመሳክሩ። ከፍ ላለ ገንዘብ ደግሞ፣ ምስጢራዊው ቁልፍ ከውስጡ ሳይወጣ የሚፈርመውን እንደ ሌጀር ያለ የተለየ መሣሪያ ተጠቀሙ፤ በዲስክ ላይ ያለውን ፋይል ለሙከራ ብቻ አቆዩት።