የፍራፍሬ ሽሮፕ፤ አሠራሩና ለሻጩ የሚያስፈልገው ጥንቃቄ

የፍራፍሬ ሽሮፕ ማለት የፍሬ ጭማቂ ብዙ ስኳር ገብቶበት ሳይበላሽ እንዲቆይ የተደረገ ወፍራም ፈሳሽ ነው። ለቁርስ በፓንኬክ፤ በፈጢራና በእርጎ ላይ ይፈስሳል፤ ከምግብ በኋላም ለአይስክሬምና ለኬክ ማጣፈጫ ይሆናል፤ አንድ እጅ ሽሮፕ በስድስት እጅ ውሃ ሲበረዝ ደግሞ መልካም መጠጥ ይወጣዋል። በጠርሙስ ታሽጎ በየሱቁ ከሚደረደረው ሽሮፕ ብዙው የፍሬ ስም እንጂ ፍሬው የለበትም። ለምሳሌ ግሬናዲን የሚባለው ቀይ ሽሮፕ ስሙን ያገኘው ሮማን በፈረንሳይኛ ከሚጠራበት ቃል ሲሆን፤ ዛሬ ከሚሸጠው አብዛኛው ከስኳር፤ ከአሲድ፤ ከቀለምና ከሽታ ማጣፈጫ የተሠራ ነው። ከእውነተኛ ፍሬ በቤት የሚዘጋጀው ሽሮፕ ለባለሱቅ በጎ ዕቃ የሚሆነውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ይሁን እንጂ በዚህ ሥራ የሚደርሰው ኪሳራ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ስኳር ከመቆጠብ ነው። የነገሩን ምሥጢር ጠጅ የሚጥል ሁሉ ያውቀዋል። ማር በንጹሕ ዕቃ ተከድኖ ሲቀመጥ ለዓመታት አይበላሽም፤ ውሃ የተበጠበጠበት እንደሆነ ግን በጥቂት ቀን ውስጥ ይብላላል። ስኳሩ ሲበዛ ውሃውን አጥብቆ ስለሚይዘው እርሾና ሻጋታ የሚኖሩበትን እርጥበት ያጣሉ። ለሽሮፕ የሚፈለገው ልክ ከመቶ 65 እጅ ያህል ስኳር ነው። ከመቶ 67 እጅ ካለፈ ሽሮፑ ሲቀዘቅዝ ስኳሩ ከጠርሙሱ ሥር እንደ ጠጠር ይረጋል፤ ከ65 እጅግ ከወረደ ደግሞ ይብላላና ክዳኑን ያስፈነጥራል፤ ጠርሙሱንም እስከ መስበር ይደርሳል።

በብዙ ቤት የተለመደው አንድ ሊትር ጭማቂ ለአንድ ኪሎ ስኳር ነው። ጭማቂው ራሱ ከመቶ አሥር እጅ ያህል የፍሬ ስኳር አለው ቢባል እንኳ በዚህ ልክ የተሠራው ሽሮፕ ከመቶ 54 እጅ አያልፍም። ይህ ለቤት ማቀዝቀዣ እንጂ ለሱቅ መደርደሪያ አይሆንም። ለመደርደሪያ የሚበቃው በአንድ ሊትር ጭማቂ 1 ኪሎ ከ650 ግራም ስኳር ሲገባበት ነው፤ ከዚህም ሁለት ሊትር ያህል ሽሮፕ ይገኛል። እንግዲህ የስኳሩ ወጪ ቢከብድም ሁለተኛው ሊትር የተገኘው ከዚያው ከስኳሩ መሆኑን አስቦ ዋጋውን ማስላት ይገባል። ወንጂ በ1946 ዓ.ም. ስኳር ማምረት ከጀመረ ወዲህ የስኳር ነገር ለነጋዴ ያልተነሣበት ዘመን ስለሌለ፤ ስኳሩ በእጅ ሳይገባ ፍሬ መግዛት አይመከርም።

ልኩን ለማወቅ ቀላሉ መንገድ ሚዛን ነው። በ20 ዲግሪ ሙቀት ላይ በትክክል አንድ ሊትር የሆነ ሽሮፕ 1 ኪሎ ከ316 ግራም ያህል ቢመዝን ደኅና ነው፤ 1 ኪሎ ከ250 ግራም ብቻ ከመዘነ ስኳር ጎድሎታል። በብዛት የሚያዘጋጅ ሰው ግን ብሪክስ በሚባለው ልክ የሚያነብ የእጅ መሣሪያ ቢገዛ ይሻለዋል።

እንጆሪ የሆነ እንደሆነ ፍሬው ታጥቦ፤ ከግንዱና ከበሰበሰው ተለይቶ ይጨፈለቃል፤ በቀዝቃዛ ስፍራ አንድ ሌሊት አድሮ በንጹሕ ሻሽ ይጠለላል። ማደሩ ፍሬውን የሚያረጋውን ንጥረ ነገር ስለሚያላላ ጭማቂው ጠርቶ ይወርዳል። ከዚያ ስኳሩ ተጨምሮ በለስላሳ እሳት እየተማሰለ ይሟሟል፤ አንድ ጊዜ ሲፈላ አረፋው ተገፍፎ ይወርዳል። ረጅም ሰዓት ማፍላት ሽታውን ያጠፋዋል፤ ቀለሙንም ያጠቁረዋል። ዘይቱን ደግሞ የሚያረጋው ነገር ስለሚበዛበት እሳት ላይ ከቆየ ሽሮፕነቱ ቀርቶ ማርማላታ ይሆናል። ድስቱ የማይዝግ ብረት ወይም ኢናሜል ይሁን፤ የፍሬው ኮምጣጣነት አሉሚኒየምን ይበላልና።

በአውሮፓ የተጻፉ የወጥ ቤት መጻሕፍት ሽሮፕ በ104 ዲግሪ ይድረስ ብለው ያዛሉ። ይህ ልክ በባሕር ጠለል ላይ ለሚሠራ ሰው ነው። ከ2,300 ሜትር በላይ በምትገኘው በአዲስ አበባ ውሃ በ92 ዲግሪ አካባቢ ስለሚፈላ ሽሮፑ በ96 ደርሷል ማለት ነው። 104 እስኪሞላ የሚጠብቅ ሰው ሽሮፕ ሳይሆን ከረሜላ ወደ መሥራት ይሄዳል። ድሬዳዋ ያለው ደግሞ 100 ዲግሪ አካባቢ ይጠብቃል። አስተማማኙ ዘዴ ቴርሞሜትሩን በመጀመሪያ በሚፈላ ንጹሕ ውሃ ውስጥ አንብቦ በተገኘው ላይ 4 ዲግሪ መጨመር ነው።

ሎሚ፤ እንጆሪና አናናስ ራሳቸው ኮምጣጣ ናቸው። ፓፓያና ሙዝ ግን ኮምጣጣነታቸው ጥቂት ስለሆነ የሎሚ ጭማቂ ሳይገባባቸው ታሽገው ሊቀመጡ አይገባም። ሎሚው ጣዕሙን ከማሳመሩም በላይ ከፊሉን ስኳር ስለሚለውጠው ሽሮፑ በቀላሉ አይጠጥርም።

ጠርሙሶቹ ታጥበውና በፈላ ውሃ ተቀቅለው ገና ትኩስ ሳሉ፤ ሽሮፑም ከ85 ዲግሪ ሳይወርድ ይሞላሉ። ክዳኑ እንደ ተገጠመ ጠርሙሱን ለሁለት ደቂቃ መድፋት ያስፈልጋል። ሲቀዘቅዝ ደግሞ ይገለባበጥ፤ ከአንገቱ ላይ የሚንጠባጠበው እንፋሎት የላዩን ሽሮፕ ስለሚያቀጥነው ሻጋታ መጀመሪያ የሚታየው እዚያ ነው። ከተከፈተ በኋላ በማቀዝቀዣ መቀመጥ እንዳለበት በጠርሙሱ ላይ ከተሠራበት ቀን ጋር ይጻፍ። ለፈጢራ ከማር ይልቅ ሽሮፕ ማቅረብ ነውር የለበትም፤ ማር ነው ብሎ መሸጥ ግን ማታለል ነው።

ከውጭ ለሚያስመጡና ወደ ውጭ ለሚልኩ ነጋዴዎች ደግሞ አንድ ነገር ይታወቅ። በዓለም አቀፉ የዕቃ አመዳደብ ሥርዓት ጣዕም ወይም ቀለም የተጨመረበት የስኳር ሽሮፕ በ21.06፤ ምንም ያልተጨመረበት በ17.02፤ የፍራፍሬ ጭማቂ ደግሞ በ20.09 አንቀጽ ይመደባል። ጭማቂው ስኳር በዝቶበት የጭማቂነት ጠባዩን ከለቀቀ ጭማቂ ተብሎ አይታለፍም፤ ስለዚህ በዲክላራሲዮኑ ላይ የፍሬውና የስኳሩ መጠን ለይቶ ቢሞላ ዕቃው በጉምሩክ መጋዘን ከመቆየት ይድናል።