ሲጋራ ነክታ የማታውቅ እናት ስታስል

ለገና ላሊበላ ሄደው ከሆነ፣ በቤተ ማርያም ቤዛ ኩሉ ሲዘመር ያነሱት ቪዲዮ እስካሁን ስልክዎ ውስጥ ይኖራል። ማንም ፎቶ የማያነሳው ግን አንድ ቦታ አለ፤ ማድ ቤቱ።

እኔ የገባሁት ያረፍንበትን ቤት እመቤት ላመሰግን ብዬ ነው። ምጣዱ ሦስት ጉልቻ ላይ ተጥዷል፣ ከሥሩ ኩበትና ጭራሮ ይጨሳል፣ ጣሪያው በጥቀርሻ ጠቁሯል። አምስት ደቂቃ ሳልቆይ ዓይኔ እንባ ሞላ። እርሳቸው እየሳቁ እንጀራ ያወጣሉ፣ በመሃል ይስላሉ። «ሳሉ ቆየብዎት እንዴ፣ እማማ?» ስላቸው «ብርድ ነው ልጄ፤ ፀሐይ ሲወጣ ይተወኛል» አሉኝ። እውነትም ብርድ አለ። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ከበላይዋ ያለው አቡነ ዮሴፍ ተራራ ደግሞ ከ4,200 ሜትር ይበልጣል። በላስታ ደጋ እሳት የሚነደው ለማብሰል ብቻ ሳይሆን ለመሞቅም ጭምር ነው፤ በሩም ብርድ እንዳይገባ ይዘጋል።

አዲስ አበባ ተመልሼ ሳሉ ከጆሮዬ አልጠፋ ሲለኝ ስለ ሳንባ ካንሰር ማንበብ ጀመርኩ። እውነቱን ለመናገር፣ እስከዚያ ድረስ የሳንባ ካንሰር የአጫሾች በሽታ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

በዓለም ላይ ብዙ ሰው የሚይዘውም፣ ብዙ ሰው የሚገድለውም ካንሰር የሳንባ ካንሰር ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2022 ብቻ 2.5 ሚሊዮን ገደማ ሰዎች እንዳለባቸው ታውቋል፣ 1.8 ሚሊዮን የሚሆኑት ሞተውበታል። በእኛ አገር ግን ቀዳሚዎቹ የጡትና የማኅፀን በር ካንሰር ናቸው፤ የሳንባው ከእነርሱ በጣም ያንሳል። አንደኛው ምክንያት አጫሽ ጥቂት መሆኑ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2016 በተደረገ አገር አቀፍ ጥናት ትምባሆ የሚጠቀሙት አዋቂዎች 5 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ ከወንዶች 8 በመቶ ያህል፣ ከሴቶች 2 በመቶ እንኳ አይሞሉም። ሁለተኛው ዕድሜ ነው። አሜሪካ ውስጥ የሳንባ ካንሰር በአብዛኛው የሚገኘው 70 ዓመት ገደማ በሆናቸው ሰዎች ላይ ነው፣ ከእኛ ሕዝብ ግን ግማሽ ያህሉ ከ20 ዓመት በታች ነው።

ሦስተኛው ምክንያት አቆጣጠራችን ነው። በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የሚገኘው የካንሰር መዝገብ በ2004 ዓ.ም. መጀመሪያ ሥራ ሲጀምር፣ ለመመዝገብ የተነሳው የአዲስ አበባን ነዋሪዎች ነው። ስለ አገራችን ካንሰር የሚነገሩት ቁጥሮች በብዛት የሚነሱት ከዚያ ነው። የላስታ እናት በዚያ መዝገብ ውስጥ የለችም። ሳትመረመር ብታርፍ፣ ለቀስተኛው «ሳል ነው የገደላት» ብሎ ይመለሳል።

ታዲያ ሳያጨስ የሚታመመው ማን ነው? በዓለም ላይ ከሚገኙት የሳንባ ካንሰር ታማሚዎች እስከ አንድ አራተኛ የሚሆኑት አጭሰው የማያውቁ ናቸው ተብሎ ይገመታል፤ ከእነዚህም ሴቶች ይበዛሉ። በጣም የታወቀው ታሪክ የቻይናዋ ሹዋንዌይ ነው፤ ዩናን በሚባለው ክፍለ ሀገር ያለች የገበሬዎች አገር። ሴቶቿ አያጨሱም ማለት ይቻላል፤ ሆኖም በሳንባ ካንሰር የሚሞቱት ሴቶች ብዛት በቻይና ከፍተኛ ከሚባሉት አንዱ ነበር። ተመራማሪዎች ምክንያቱን ያገኙት ቤት ውስጥ ጉድጓድ ተቆፍሮ፣ ጭስ ማውጫ ሳይኖረው ከሚነደው የድንጋይ ከሰል ዘንድ ነው። ኋላ ብዙ ቤተሰቦች ጭስ ማውጫ ያለው ምድጃ ሲሠሩ፣ ከ21 ሺህ በላይ ሰዎች ለዓመታት ተጠንተው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2002 ውጤቱ ታተመ። ምድጃ የቀየሩት ቤተሰቦች የመያዝ ዕድላቸው ከ40 በመቶ በላይ ቀንሷል፤ በሴቶችም በወንዶችም። መድኃኒት አልነበረም፤ ጭሱን ወደ ውጭ የሚያወጣ ቧንቧ ነው።

ላስታ የሚነደው የድንጋይ ከሰል አይደለም። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ተቋም ቤት ውስጥ የሚነድ የድንጋይ ከሰልን ጭስ «ካንሰር ያመጣል» ሲል፣ የእንጨትንና የመሳሰለውን ጭስ «ካንሰር የማምጣት ዕድሉ ከፍ ያለ» ከሚለው ምድብ አስገብቶታል። ስለዚህ አይደናገጡ፤ ማድ ቤት ስትስል የምትውል እናት ሁሉ ካንሰር የለባትም። ጭስ የሚያመጣው ሥር የሰደደ የመተንፈሻ አካል በሽታ፣ ወይም ቲቢ፣ የመሆኑ ዕድል ይበልጣል። ችግሩ ግን ሳሉ ሁሉ ሲሰማ አንድ መሆኑ ነው።

እዚህ ላይ ቋንቋችንም አያግዘንም። «የጡት ነቀርሳ» ስንል ካንሰር ማለታችን ነው፤ «የሳንባ ነቀርሳ» ስንል ግን ቲቢ። ከገጠር ተደውሎ «እናታችንን ነቀርሳ ነው አሏቸው» ሲባል፣ አዲስ አበባ ያለው ልጅ የቱን ይስማ? አንዱ በአብዛኛው በ6 ወር መድኃኒት የሚድን ነው፤ ሌላው ፈጽሞ ሌላ መንገድ ነው። ቤተሰቡ ቲቢ ነው ብሎ ተረጋግቶ ሊቀመጥ ይችላል። ካንሰር ነው ብሎ ተስፋ ቆርጦ ጠበል ብቻ የሚጠብቅም አለ፤ ቲቢ ሊሆን ይችል የነበረውን! ስልኩ ሲመጣልዎ በሽታውን ለይተው ይጠይቁ። አክታ ተመርምሯል? ውጤቱስ ምን አለ? አክታው ቲቢ የለም እያለ፣ በራጅና በምልክት ብቻ መድኃኒት ተጀምሮ ከነበረና ሳሉ ካልተሻለ፣ ወይም ሰውነት መክሳቱ ከቀጠለ፣ ደም ከታየ፣ ድምፅ ከሻከረ፣ ሐኪሙን «ሌላ ነገር ሊሆን ይችላል ወይ?» ማለት ነውር አይደለም። መድኃኒቱን ግን በራስ ውሳኔ አያስቁሙ።

ካንሰር መሆን አለመሆኑ የሚረጋገጠው ከሳንባ ናሙና ተወስዶ ነው፣ ሲቲ ስካንም ይፈለጋል። ከላሊበላ ሲነሱ በጋሸና አድርጎ ወልዲያ፣ ከዚያ ደሴ፣ ከዚያ አዲስ አበባ ነው። የጨረር ሕክምና ለረጅም ዓመታት በአገሪቱ ይሰጥ የነበረው በጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር፤ አሁን በጥቂት ሆስፒታሎች ተከፍቷል። በመንገዱ ርዝመት የተነሳ የሚባክነው ወር፣ በዚህ በሽታ ብዙ ነገር የሚቀይር ወር ነው።

ሥራዬ ማርኬቲንግ ስለሆነ እንዲህ ያለ ነገር ዓይኔ ውስጥ ይገባል፦ በ2011 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ የሲጋራ ፓኮ ላይ ምስል ያለው ማስጠንቀቂያ ይለጠፋል፤ ኩበት ላይ ማን ይለጥፋል? ማድ ቤት የምትውለውን ሴት ማንም ደንበኛዬ ናት ብሎ አይቆጥራትም። ኤሌክትሪክ ምጣድ ጥሩ ስጦታ ነው፤ ሆኖም ላሊበላ በጦርነቱ ጊዜ ለወራት ያለ መብራት መቆየቷን አይርሱ። ከሲሚንቶ የሚሠራው «ምርጥ» የተባለው የእንጀራ ምድጃ ማገዶን በግማሽ ያህል ይቆጥባል። ጭስ ማውጫ ከተሠራለት ደግሞ ጭሱ ውጭ ይወጣል። ጋቢና ነጠላ ይዘው ከሚሄዱ የምድጃውን ዋጋ ይዘው ይሂዱ።

እማማን በስልክ እጠይቃቸዋለሁ። ልጃቸው ወስዷቸው አክታ ሰጥተዋል፤ ቲቢ የለም ተብሏል። ሳሉ ግን አልተዋቸውም። ሰኞ ደረታቸውን ራጅ ይነሳሉ።