ጀግናዋ የግድ መዳን አለባት?

በዚህ ሳምንት፣ በሜሪላንድ በሚገኝ አንድ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የልጆች ክፍል፣ አንዲት ኢትዮጵያዊት እናት ስልካቸውን አውጥተው ለክፍሉ ባለሙያ አሳዩአት። በወላጆች የቴሌግራም ቡድኖች ውስጥ የሚዞር የመጻሕፍት ዝርዝር ነው። «ከልጆቻችሁ አርቁ» ይላል። ማን እንዳዘጋጀው አይታወቅም፤ ፊርማም ስምም የለውም። ከተዘረዘሩት ውስጥ የሚበዙት አካል ጉዳተኛ ልጆች ጀግና የሆኑባቸው የጀብዱ ታሪኮች ናቸው። የተሰጡት ምክንያቶች ሦስት ናቸው፦ ያስፈራሉ፣ ያሳዝናሉ፣ ልጁ መጨረሻ ላይ አይድንም። እናትየዋ የጠየቁት በቅንነት ነው፤ «ልጄ አንዱን ጀምራዋለች፣ ላስቁማት ወይስ ትጨርሰው?»

ለእሳቸው የተሰጣቸው መልስ አጭር ነበር፤ ትጨርሰው። ረጅሙ መልስ የሚገባው ዝርዝሩን ሳያነቡ ለሚያስተላልፉት ስለሆነ ባለሙያዋ በዚያው ምሽት በቻናሏ ላይ ቁጥር እየሰጠች አስፍራዋለች። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1. «ያስፈራሉ።»

አዎ፣ ያስፈራሉ። ዝርዝሩ በቀዳሚነት የሚኮንነው የኪምበርሊ ብሩቤከር ብራድሊን «ሕይወቴን ያተረፈው ጦርነት» (2015) ነው። አዳ ቆልማማ እግር ይዛ የተወለደች የለንደን ልጅ ናት። እናቷ በእግሯ ስለምታፍር ከአንዲቷ ክፍል ቤታቸው እንድትወጣ አትፈቅድላትም፤ ስትቆጣም በረሮ በሚርመሰመስበት፣ ከዕቃ ማጠቢያው ሥር ባለው ቁምሳጥን ውስጥ ትቆልፍባታለች። አዳ ሰፈሯን የምታውቀው በመስኮት ብቻ ነው። በ1939 የእንግሊዝ መንግሥት የጀርመንን ቦምብ ፈርቶ 1.5 ሚሊዮን ያህል ሰው፣ አብዛኞቹን ሕፃናት፣ በጥቂት ቀናት ውስጥ ከከተሞች ሲያሸሽ አዳ ማንም ሳያውቅባት መራመድ ለምዳ ነበር። ከታናሽ ወንድሟ ከጄሚ ጋር ተደብቃ ወጥታ ባቡር ትሳፈራለች። ኬንት ገጠር ውስጥ ድንክ ፈረስ መጋለብ ትማራለች። ከባሕር ዳር የወጣ አንድ እንግዳ ሰው ጠርጥራ ለፖሊስ ስትናገር በመጀመሪያ የሚሰማት አታገኝም፤ ሰውየው ግን የጠላት ሰላይ ሆኖ ይገኛል።

ዝርዝሩን ያዘጋጀው ሰው መጽሐፉን አንብቦት ቢሆን ኖሮ የሚያስፈራው ነገር ከየት እንደሚመጣ ባየ ነበር። ከአዳ እግር የሚመጣ አንዳች ፍርሃት የለም። የሚያስፈሩት እናቷ፣ ቁምሳጥኑና የአየር ጥቃቱ ናቸው። አንባቢው ልጅ ከእግሯ እንዲሸሽ የሚገፋው ነገር አያገኝም፤ ከአዳ ጋር ሆኖ ከቁምሳጥኑ ይሸሻል። ለልጆች የሚሆን አስፈሪ ታሪክ በደንብ ከተጻፈ የሚሠራው ይህን ነው፤ አደጋውን በትክክለኛው ቦታ ያስቀምጣል።

ደግሞስ ጅብ ሰው በሚበላበት፣ እንጀራ እናት ልጅ በምታሰቃይበት ተረት ያደገ ትውልድ ለልጆቹ ፍርሃት የሌለበት መጽሐፍ ብቻ የሚፈልገው ከመቼ ጀምሮ ነው? መጽሐፉ ከ9 እስከ 12 ዓመት ላሉ ልጆች የሚስማማ ነው። የቁምሳጥኑ ነገር ገና ከመጀመሪያዎቹ ገጾች ስለሚመጣ ወላጅ እነዚያን ገጾች ከልጁ ጋር ቢያነብ በቂ ነው።

2. «ያሳዝናሉ።»

ይህን የሚል ሰው የአን ክሌር ሌዞትን «ምልክት አሳዪኝ» (2020) ይክፈት። ታሪኩ የሚጀምረው በ1805 ማርታስ ቪንያርድ በተባለች የአሜሪካ ደሴት ነው። ደሴቷ የደራሲ ፈጠራ አይደለችም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በመላው አሜሪካ ከ5,700 ሰው አንዱ ያህል መስማት ተስኖት ሲወለድ፣ እዚያ ግን ከ155 አንዱ፣ ቺልማርክ በምትባለው የደሴቷ መንደር ደግሞ ከ25 አንዱ እንደነበር አንትሮፖሎጂስቷ ኖራ ኤለን ግሮስ በ1985 ባሳተመችው ጥናት አስፍራለች። ስለዚህ የሚሰማውም የማይሰማውም በምልክት ቋንቋ ይነጋገር ነበር። የመጽሐፉ ጀግና ሜሪ ላምበርት በዚህ ማኅበረሰብ ውስጥ ስታድግ የሚጎድላት ነገር እንዳለ አታውቅም። አንድ ወጣት ሳይንቲስት የመስማት መሳንን ምንጭ አጠናለሁ ብሎ ይመጣና እንደ ናሙና ሊጠቀምባት ጠልፎ ወደ ቦስተን ይወስዳታል። የምልክት ቋንቋ የሚያውቅ ሰው በሌለበት ቤት ሜሪ እንደ ደንቆሮና እንደ ሞኝ ትታያለች። ልጅቷ ያው ናት፤ የተለወጠው በዙሪያዋ ያለው ሰው ነው። የ10 ዓመት ልጅ ይህን ያለ ማንም ማብራሪያ ይረዳዋል። ጠለፋ፣ እስር፣ የማምለጫ ዘዴ፣ በባሕር መመለስ፤ ይህ በየገጹ ልብ የሚሰቅል ጀብዱ እንጂ የልቅሶ ቤት አይደለም። ደራሲዋ ራሷ መስማት የተሳናት ናት፤ በቤተ መጻሕፍት የልጆች አገልግሎትም ለዓመታት ሠርታለች።

የኤል ማክኒኮል «ኤ ካይንድ ኦፍ ስፓርክ»ም (2020) እንዲሁ ነው። የ11 ዓመቷ አዲ ኦቲዝም ያለባት የስኮትላንድ ልጅ ናት። በመንደሯ በጥንት ዘመን ጠንቋይ ተብለው የተገደሉ ሴቶች እንደነበሩ በትምህርት ቤት ስትሰማ መታሰቢያ እንዲቆምላቸው ትታገላለች። ከ1563 እስከ 1736 በጸናው የስኮትላንድ የጥንቆላ ሕግ ወደ 4,000 የሚጠጉ ሰዎች ተከሰዋል፤ ከመካከላቸው 2,500 ያህሉ እንደተገደሉ ይገመታል። የስኮትላንድ ቀዳማዊት ሚኒስትር መንግሥታቸውን ወክለው በይፋ ይቅርታ የጠየቁት መጽሐፉ ከወጣ ከሁለት ዓመት በኋላ፣ መጋቢት 2022 ላይ ነው። አዲ ከሌላው ሰው የተለየች መሆኗ እነዚያ ሴቶች ለምን እንደተገደሉ ቀድማ እንድትረዳ አድርጓታል። ደራሲዋም ኦቲዝም ያለባት ናት።

3. «ልጁ መጨረሻ ላይ አይድንም።»

ባለሙያዋን እጅግ ያስቆጣት ይህኛው ነው። «ጥሩ» የልጆች መጽሐፍ ምን መምሰል እንዳለበት በብዙ ወላጆችና መምህራን አእምሮ ውስጥ የተቀመጠ አንድ አሮጌ አብነት አለ። የሱዛን ኩሊጅ «ኬቲ ያደረገችው» (1872) ውስጥ አስቸጋሪዋ ኬቲ ከዥዋዥዌ ወድቃ ለዓመታት ከአልጋ ትውላለች፤ ትዕግሥት ስትማር ትራመዳለች። የዮሐና ስፒሪ «ሃይዲ» (1880 እና 1881) ውስጥ በዊልቸር የምትሄደው ክላራ ተራራ ላይ ንጹሕ አየርና የፍየል ወተት ስታገኝ፣ ዊልቸሯም ተገፍቶ ገደል ገብቶ ሲሰባበር፣ ቆማ ትሄዳለች። የፍራንሲስ ሆጅሰን በርኔት «ምስጢራዊው የአትክልት ቦታ» (1911) ውስጥ ነጭናጫው ኮሊን ጸባዩ ሲስተካከል እግሩም ይስተካከላል። ሦስቱም በጥሩ እጅ የተጻፉ ናቸው፤ ቤተ መጻሕፍቱም ያውሳቸዋል። ነገር ግን ሦስቱም የሚያስተምሩት አንድ ነገር ነው፦ ጥሩ ልጅ ይድናል።

እስቲ ይህን ትምህርት በዊልቸር የሚሄድ ልጅ ቦታ ሆነን እናንብበው። ጥሩ ልጅ የሚድን ከሆነ ያልዳነው ልጅ ምንድን ነው? አልታገሠም? አልታዘዘም? በበቂ አልጸለየም? በእኛ ማኅበረሰብ ውስጥ የልጅን አካል ጉዳት እርግማን ወይም የወላጅ ኃጢአት ያመጣው የሚያደርገው አነጋገር ዛሬም አልጠፋም፤ ባሕር ተሻግሮም መጥቷል። እንግዳ በመጣ ቁጥር ልጁን ወደ ጓዳ የሚያስገባ ቤት አለ። የመዳን ፍጻሜ ካልሆነ አናነብም ማለት ለዚህ አነጋገር አዲስ ምስክር ማቅረብ ነው።

ሕክምና ሌላ፣ ሽልማት ሌላ። ቆልማማ እግር በዓለም ላይ ከ1,000 ሕፃናት በአንዱ ያህል የሚታይ፣ ከማንም ጸባይ ጋር ግንኙነት የሌለው ነገር ነው። በዶክተር ኢግናሲዮ ፖንሴቲ ዘዴ ሕፃኑ በየሳምንቱ እየተቀየረ ለተወሰኑ ሳምንታት ጄሶ ይታሰርለታል፤ ብዙውን ጊዜ የተረከዙ ጅማት በትንሽ ቀዶ ሕክምና ይቆረጣል፤ ከዚያ እስከ አራት ወይም አምስት ዓመቱ ድረስ በአብዛኛው በእንቅልፍ ሰዓት ልዩ ጫማ ያደርጋል። ሕክምናው በኢትዮጵያም ይሰጣል። የአዳ እናት ልጇን ያላሳከመችው ቸል ብላ ነው፤ መጽሐፉም ይህን በግልጽ ይናገራል። በ2017 በወጣው ቀጣይ ክፍል አዳ ቀዶ ሕክምና ታገኛለች፤ ግን በታሪኩ መጀመሪያ ላይ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው መጽሐፍ በሙሉ ስለ ሌላው ቁስሏ፣ ሰው አምናለሁ ስትል ስለሚመጣባት ፍርሃት ነው። ሰላዩን ያስያዘችው ደግሞ እግሯ እንደነበረ ሆኖ ሳለ ነው። የጀግንነቷ ዋጋ እዚህ ላይ ነው።

በነገራችን ላይ ስንዝሮን የማያውቅ ኢትዮጵያዊ ልጅ ነበረ? ቁመቱ ስንዝር ሆኖ ታላላቆቹን በብልሃት የሚበልጠው ልጅ፣ በተረቱ መጨረሻ ቁመቱ ጨምሮ እንዲሸለም የጠየቀ አድማጭ አልነበረም። በ2010 በወጣው «ድራጎንህን እንዴት ታለማምዳለህ» ፊልምም ሂካፕ በመጨረሻው ውጊያ አንድ እግሩን ያጣል፤ ድራጎኑም የጭራ ክንፉን አጥቷል። ሁለቱም በሰው ሠራሽ አካል ይበራሉ፤ ፊልሙ እግሩን በተአምር አይመልስለትም። ይህን ፊልም በየቤቱ ደጋግሞ የሚያሳይ ወላጅ መጽሐፍ ላይ ሲደርስ «አይድንም» ብሎ ሲቆጣ መስማት ይገርማል።

ሌላው በዝርዝሩ ውስጥ ያልተነካ ነገር አለ፤ መነካት የነበረበትም እሱ ነው። ለዘመናት በጀብዱ መጻሕፍት አካል ጉዳተኛው ወይ ታማሚ ነው ወይ ክፉ። የስቲቨንሰን «የሀብት ደሴት» (1883) አንድ እግር ያለውን ሎንግ ጆን ሲልቨርንና ዓይነ ስውሩን ፒውን ሰጠን፤ ቀጥሎ የ«ፒተር ፓን» ባለ መንጠቆ እጅ ካፒቴን መጣ። ስቲቨንሰን ሲልቨርን የቀረጸው በአጥንት ቲቢ ሕመም ምክንያት እግሩ የተቆረጠውን ወዳጁን፣ ገጣሚውን ዊልያም ኧርነስት ሄንሊን እያሰበ ነው። በእውነተኛው ሕይወት የነበረው ሰው ብርቱ አርታኢና ገጣሚ፤ መጽሐፉ ውስጥ የገባው የባሕር ወንበዴ!

ይህ ያለፈ ታሪክ ብቻ አይደለም። ዋርነር ብራዘርስ በ2020 «ዘ ዊችስ»ን ሲያወጣ ጠንቋዮቹን ጣቶች የጎደሏቸው አድርጎ ሣላቸው። በሮአልድ ዳል መጽሐፍ (1983) ያላቸው እንደ ድመት ጥፍር ነው። ጣቶቻቸው ጎድለው የተወለዱ ሰዎችና የፓራሊምፒክ ዋናተኛዋ ኤሚ ማረን ከተቃወሙ በኋላ ድርጅቱም ተዋናይቷ አን ሃታዌይም ይቅርታ ጠየቁ። ስንት ሰው ገምግሞ ባጸደቀው ፊልም ላይ ይህን ቀድሞ ያየ አልነበረም! የብሪታንያ የፊልም ኢንስቲትዩት እኮ ክፉ ገጸ ባሕሪያቸው በፊት ጠባሳ የሚለይ ፊልሞችን በገንዘብ እንደማይደግፍ ያስታወቀው ከዚያ ሁለት ዓመት ቀድሞ ነው። ልጅን የሚጎዳ ምስል ለሚፈልግ ዝርዝር አዘጋጅ የሚበጀው ከዚህ መጀመር ነበር።

ቤተ መጻሕፍትና ትምህርት ቤቶችም ከተጠያቂነት አያመልጡም። እነዚህን መጻሕፍት ከጀብዱ መደርደሪያ አውጥተው «ልዩ ፍላጎት» ወይም «ስሜትና ችግር» በሚል ጥግ የሚደረድሩ ብዙ ናቸው። ሰላይ የሚያሳድድ መጽሐፍ ከሰላይ መጻሕፍት ጋር መቀመጥ አለበት። በዩኒሴፍ የ2021 ግምት በዓለም ወደ 240 ሚሊዮን የሚጠጉ አካል ጉዳተኛ ልጆች አሉ፤ ከ10 ልጅ አንዱ ማለት ነው። ከየክፍሉ ልጆች ጋር አብሮ የሚማርን ልጅ ታሪክ ጥግ መወሸቅ ሌሎቹ ልጆች እንዳያገኙት ማድረግ ነው። ዓይነ ስውር ሆና የተወለደችው የሥነ ልቦና ባለሙያ ካትሪን ሽናይደር ያቋቋመችው ሽልማት ከ2004 ጀምሮ በአሜሪካ የቤተ መጻሕፍት ማኅበር በኩል የሚሰጠው እነዚህ መጻሕፍት ወደ አደባባይ እንዲወጡ ነው። የአዳ እና የሜሪ ታሪኮች አሸንፈውታል። ባለ ሽልማቱን መጽሐፍ ገዝቶ ጥግ ማስቀመጥ ምን የሚሉት አሠራር ነው?

ደራሲ የሚፈጥራቸውን ያህል ጀግኖች በእውነተኛው ዓለምም አሉ። የሕግ ባለሙያዋ የትነበርሽ ንጉሤ በአምስት ዓመቷ ዓይኗን ያጣች የወሎ ልጅ ናት። ዓይነ ስውርነቷ ከልጅነት ጋብቻ እንዳተረፋት፣ ሻሸመኔ ባለ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት እንድትማር መንገድ እንደከፈተላት ራሷ በይፋ ተናግራለች፤ በ2017 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን ተቀብላለች። አንድ ጎበዝ ደራሲ ለልጆች የሚሆን ጀብዱ ከዚህ ሕይወት መነሻ ሊያገኝ ይችላል፤ ዓይኗን ማብራት አያስፈልገውም።

በአሜሪካ ላሉ ወላጆች ደግሞ ከዝርዝሩ ይልቅ ሊተላለፍላቸው የሚገባ መረጃ አለ። በኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ሥር ያለው የዓይነ ስውራንና የኅትመት ንባብ የሚቸግራቸው ሰዎች ብሔራዊ አገልግሎት በ1931 በሕግ ተቋቁሞ ከ1952 ጀምሮ ልጆችንም ያገለግላል። የብሬልና የድምፅ መጻሕፍት በነፃ፣ በፖስታም ይልካል፤ በስልክም ይወርዳሉ። ዲስሌክሲያ ያለበት ልጅም ይመዘገባል፤ ማረጋገጫውን ለመፈረም ሐኪም የግድ አይደለም፣ መምህር ወይም የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ይበቃል። ይህን ለአማርኛ ተናጋሪ ወላጆች የሚነግር ተቋም ጥቂት ነው፤ ብዙዎች የሚሰሙት ልጃቸው ማንበብን ከጠላ በኋላ ነው። ኢትዮጵያም ለማየት ለተሳናቸው ሰዎች መጻሕፍትን በሚነበብ መልክ ለማዘጋጀት የሚፈቅደውን የማራኬሽ ስምምነት በ2020 ተቀላቅላለች። ስለ ዓይነ ስውር ጀግና የተጻፈ መጽሐፍ ዓይነ ስውር አንባቢ እጅ እንዳይገባ ምክንያት የሚሆን የሕግ ሰበብ እየጠበበ ነው።

የቡድን አስተዳዳሪዎች ዝርዝሩን ያንሱት። ለማስተላለፍ የሚፈልግ ወላጅ ካለ የሚያስተላልፈው የሚከተለውን ይሁን፦ «ሕይወቴን ያተረፈው ጦርነት» ከ9 ዓመት ጀምሮ፣ የመጀመሪያዎቹ ምዕራፎች ከወላጅ ጋር፤ «ምልክት አሳዪኝ» እና «ኤ ካይንድ ኦፍ ስፓርክ» እንዲሁ ከ9 ጀምሮ። በአቅራቢያ ያለው ቤተ መጻሕፍት ከሌለው ከሌላ ቅርንጫፍ እንዲያስመጣ መጠየቅ ይቻላል፤ የቅርንጫፎች የውሰት አገልግሎት ለዚህ ነው የተቋቋመው።