ከአዲስ አበባ ደሴ በኤሌክትሪክ መኪና፦ ኪሎ ሜትሩ ብቻ ሳይሆን ከፍታውም ይቆጠር

በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ በጥር 2016 ዓ.ም. ከተነገረ ወዲህ፣ መኪና ለመግዛት ያሰበ የደሴ ወይም የኮምቦልቻ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «አዲስ አበባ ያደርሰኛል ወይ?» ብሎ ነው። መልሱንም ሻጩ ከሚነግረው ቁጥር ላይ ይፈልጋል። በአንድ ቻርጅ 500 ኪሎ ሜትር ይሄዳል ከተባለ፣ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ለሆነው የደሴ መንገድ ተርፎ የሚበቃ ይመስላል። ይህ ስሌት ግን ሁለት ነገር ይስታል። አንደኛ፣ ከቻይና የሚመጡ መኪኖች ርቀት የሚለካው በቻይና የሙከራ ደንብ ነው፤ ደንቡም ከአውሮፓው ይልቅ ቁጥሩን ከፍ አድርጎ ያሳያል። ሁለተኛው የመንገዱ ከፍታና ዝቅታ ነው። የደሴን መንገድ ለኤሌክትሪክ መኪና የሚያከብደው ተራራው ራሱ አይደለም፤ ተራራውን ከሒሳብ ሳያስገቡ መጓዝ፣ ቻርጀርንም ያለቦታው መትከል ነው።

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ናት። መንገዱ በደብረ ብርሃን በኩል እየወጣ ጣርማ በር ላይ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። ጣሊያኖች በወረራው ዘመን የፈለፈሉትን ዋሻ ከተሻገሩ በኋላ በደብረ ሲና ተጠማዝዞ፣ በ45 ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ 1,300 ሜትር አካባቢ ወዳለችው ሸዋ ሮቢት ይወርዳል። ከዚያ በአጣዬ፣ በከሚሴና በሀርቡ አድርጎ ኮምቦልቻ እስኪደርስ ድረስ ቀስ በቀስ ወደ 1,850 ሜትር ይመለሳል። በመጨረሻም የሀረጎ ዳገት በ25 ኪሎ ሜትር ውስጥ ከ600 ሜትር በላይ ያስወጣና ደሴ ያደርሳል። ከነተሳፋሪው 2,000 ኪሎ የሚመዝን መኪና 1,000 ሜትር ሽቅብ ለመውጣት ብቻ 5.5 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይፈልጋል፤ በሞተርና በባትሪ የሚባክነው ሲታከልበት ከ6 ያልፋል። ይህ በሜዳ ከ40 ኪሎ ሜትር በላይ የሚያስኬድ ኃይል ነው። ቁልቁለት ላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል። አሽከርካሪው እግሩን ከፔዳሉ ሲያነሳ ጎማው ሞተሩን ያዞረዋል፤ ሞተሩም ጄኔሬተር ሆኖ ባትሪውን ይሞላል። የነዳጅ መኪና ይህንኑ ጉልበት በፍሬን ሸራ ግለት አባክኖ ይወርዳል።

ባትሪው 60 ኪሎዋት ሰዓት የሚይዝ፣ በሜዳ በየ100 ኪሎ ሜትሩ 14 የሚፈጅ መኪና እንውሰድ። አዲስ አበባ ላይ ሞልቶ ቢነሳ፣ ጣርማ በር እስኪደርስ ርቀቱና ዳገቱ ተደምረው ግማሽ ባትሪውን ይወስዱበታል። ከጣርማ በር ሸዋ ሮቢት ግን መውረዱ ለጉዞው የሚበቃ ጉልበት ስለሚሰጥ፣ ታች ሲደርስ ባትሪው ላይ ከነበረው የቀነሰ ነገር አይኖርም፤ በጥንቃቄ ከተነዳ እንዲያውም ጥቂት ይጨምራል። ከሸዋ ሮቢት ኮምቦልቻ 25 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይሄዳል፤ ሀረጎ ደግሞ የተረፈችውን ይጨርሳታል። ይህ መኪና ያለ አንዳች እረፍት ደሴ ለመግባት ቢሞክር ባዶውን ሊቀር ይችላል፤ መንገድ ላይ አንድ ጊዜ ቢሞላ ግን ያለ ጭንቀት ይደርሳል። በመልሱ ጉዞ፣ ሲወርድ ምንም ያላስከፈለው የጣርማ በር መንገድ ሽቅብ ሲሆን ከ17 ኪሎዋት ሰዓት ያላነሰ ይጠይቃል፤ ይህም ከባትሪው ከሩብ በላይ ነው። ርቀቱ ያው ሆኖ ሳለ ዋጋው በአቅጣጫው ይለያያል። መኪናው ዳሽቦርዱ ላይ የሚያሳየው ቀሪ ርቀት ብዙውን ጊዜ የሚሰላው በቅርቡ ከፈጀው ኃይል ተነስቶ ስለሆነ፣ ሸዋ ሮቢት ላይ ወደ ደሴ ለሚሄደው አለቅጥ ተስፋ ይሰጠዋል፤ ጣርማ በር ላይ ደግሞ ወደ አዲስ አበባ የሚመለሰውን ያለልክ ያስፈራዋል። መታመን ያለበት የባትሪው ፐርሰንትና የመንገዱ ከፍታ ነው።

ደጋው ለኤሌክትሪክ መኪና የሚሰጠው ጥቅምም አለ። 2,500 ሜትር ላይ አየሩ ከባሕር ጠረፍ አየር በሩብ ያህል ስለሚሳሳ፣ መኪናውን ወደ ኋላ የሚገፋው የአየር ግፊትም በዚያው መጠን ይቀንሳል። ይኸው ስስ አየር ቱርቦ የሌለውን የነዳጅ ሞተር ኦክስጅን ስለሚያሳጣው፣ ጉልበቱን ከጠረፉ በሩብ ያህል ይቀንስበታል። የኤሌክትሪክ ሞተር ግን አየር ስለማያቃጥል ጣርማ በር ላይም ሙሉ ጉልበቱ አብሮት አለ።

«እንግዲያው ትልቅ ባትሪ መግዛት አይሻልም?» የሚል ይኖራል። ትልቅ ባትሪ ዋጋውም ክብደቱም ከፍ ያለ ነው፤ ክብደቱ ደግሞ በየዳገቱ ተጨማሪ ኃይል ይበላል። ደሴ ከደረሱ በኋላም ለመመለስ መሙላት አይቀርም። የተሻለው ቻርጀርን በቦታው ማድረግ ነው፤ ቦታውም የዳገቱ ግርጌ ነው። ከጣርማ በር አናት ይልቅ ሸዋ ሮቢት፣ ከደሴ መግቢያ በፊትም ኮምቦልቻ ይቀድማሉ። ዳገት አናት ላይ ባትሪውን ጢም አድርጎ ሞልቶ የሚወርድ ሰው፣ ቁልቁለቱ የሚሰጠውን ኃይል ማስገቢያ ቦታ ያጣል። ባትሪው አልቀበልም ሲል ደግሞ መኪናውን የመያዙ ሥራ ሁሉ ፍሬን ላይ ይወድቃል። ስለዚህ ደሴ ቤቱ ሌሊቱን ቻርጅ አድርጎ ጠዋት ወደ ኮምቦልቻ የሚወርድ ሰው 90 ፐርሰንት ላይ ቢያቆም ይሻለዋል።

ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ «መብራት ቢጠፋስ?» የሚለው ነው። ጥያቄው እውነት አለው። ከአገራችን ኤሌክትሪክ ከ90 ፐርሰንት በላይ የሚሆነው ከውኃ ይመነጫል፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብም 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አለው። ነገር ግን ግድብ ላይ የመነጨ ኃይል ከሚሴ ያለች ትራንስፎርመር ስትቃጠል አይጠቅምም፤ የሚጎድለው ከማመንጨቱ ይልቅ ማዳረሱ ነው። ቢሆንም የነዳጅ ማደያ ፓምፕም ያለ መብራት ወይም ያለ ጄኔሬተር አይሠራም። የቻርጅ ጣቢያ ደግሞ መብራት ባለበት ሰዓት የሚሞላ የራሱ ማጠራቀሚያ ባትሪ ሊኖረው ይችላል። ኮምቦልቻ የኢንዱስትሪ ከተማ ስለሆነች ከፍተኛ መስመር በደጇ ነው፤ ለፈጣን ቻርጀር ከእሷ የተመቸ ቦታ በዚህ መንገድ ላይ ማግኘት ይከብዳል። ስለ ጸጥታ የሚነሳው ሥጋትም እንዲሁ አይታለፍም። ባለ 50 ኪሎዋት ቻርጀር 30 ኪሎዋት ሰዓት ለመሙላት 40 ደቂቃ ያህል ይወስዳል፤ ይህን ያህል ጊዜ ጭር ባለ መንገድ ዳር መቆም ማንም አይፈልግም። ስለዚህ ጣቢያው ከተማ ውስጥ፣ ምግብ ቤትና ሆቴል ባለበት ይሁን። የቻይናውንም የአውሮፓውንም መሰኪያ ይያዝ፤ አለዚያ ግማሹ መኪና ደርሶ ሳይሞላ ይመለሳል።

የወሎን መንገድ ለኤሌክትሪክ መኪና ለመክፈት ብዙ ጣቢያ በአንድ ጊዜ መትከል አያስፈልግም። ሸዋ ሮቢት ላይ አንድ፣ ኮምቦልቻ ላይ አንድ አስተማማኝ ፈጣን ጣቢያ ቢቆም፣ ከላይ የተሰላው መካከለኛ መኪና ሄዶ ይመለሳል። ከዚያ በኋላ የሚቆመው ሦስተኛ ጣቢያ ከሚሴ ቢሆን፣ አንዱ ሲበላሽ ሌላው ይተካዋል። ባለሀብቱም ማዘጋጃ ቤቱም የመጀመሪያውን ብር ማውጣት ያለባቸው በእነዚህ የዳገት ግርጌዎች ላይ ነው።