ሲመሽ ሥራ የሚጀምረው ሳቢሳ

ጣና ዳር ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል፣ ቀኑን ውኃ ዳር ሲለቃቅሙ የዋሉት ነጫጭ ሳቢሳዎች ተሰባስበው ወደ ማደሪያቸው ይበራሉ። በዚያው ሰዓት ደንገል ውስጥና ዛፍ ላይ አንገታቸውን ቀብረው የዋሉ ሌሎች ወፎች ወደ ውኃው ይወጣሉ። በጨለማ «ቋክ» የሚል ሻካራ ድምፅ የሰማ ሰው ቁራ በሌሊት ጮኸ ቢል አይፈረድበትም፤ የወፉ ሳይንሳዊ መጠሪያ ኒክቲኮራክስ ራሱ በግሪክኛ የሌሊት ቁራ ማለት ነው። ወፉ ግን የሳቢሳ ወገን ነው።

የሌሊት ሳቢሳ ከዘመዶቹ አጠር፣ ደንደን ያለ ነው። ከመንቆሩ እስከ ጅራቱ 60 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይረዝማል። አናቱና ጀርባው ጥቁር፣ ክንፉ ግራጫ፣ ሆዱ ነጭ፣ ዓይኑ ቀይ ነው። ጫጩቱ ቡናማ ሆኖ ነጭ ነጠብጣብ ስላለበት ሌላ ዝርያ ይመስላል፤ የወላጆቹን መልክ የሚይዘው ሁለት ሦስት ዓመት ቆይቶ ነው።

ሲያድን አያሳድድም። ውኃው ጥልቀት በሌለው ቦታ እንደ ጉቶ ቆሞ ይጠብቅና የቀረበውን በመንቆሩ ይቀልባል። ዓሣ፣ እንቁራሪት፣ የውኃ ነፍሳትና አይጥ ይበላል። ሌሊቱን የመረጠው ቀን ላይ የውኃ ዳሩን ከሚይዙት ትልልቅ ሳቢሳዎች ጋር ላለመሻማት እንደሆነ የአዕዋፍ ተመራማሪዎች ይገልጻሉ። ጫጩት ሲኖረው ግን የሌሊቱ ገቢ ስለማይበቃው ቀንም ሲያድን ይታያል።

ለአርሶ አደሩ ዋናው ነገር ያለው እዚህ ላይ ነው። ወፉ ሁለት ቤት ያስፈልገዋል፤ የሚያድንበት ውኃና ቀን የሚደበቅበት ጥቅጥቅ ያለ ደንገል፣ ፊላ ወይም ዛፍ። ሩዝ ማሳው ምግብ ሊሰጠው ይችላል፤ መዋያ ግን አይሆነውም። እርሻው እስከ ውኃው አፍ ሲገፋ መጀመሪያ የሚጠፋውም ይኸው መደበቂያው ነው።

ፎገራ ውስጥ ያሉት የሸሸርና የወላላ ረግረጎች ቅርብ ምሳሌ ናቸው። ውኃቸው በቦይ እየተንጣፈፈና በሞተር እየተሳበ ለባህር ሸሽ እርሻ በመዋሉ ክፉኛ ተጎድተዋል። መሬት የጠበበው አርሶ አደር እርጥበቱን ተከትሎ መዝራቱ አያስገርምም። ሆኖም ደንገሉ የወፍ ቤት ብቻ አይደለም። ታንኳ የሚሠራው ከእርሱ ነው፤ ጎርፍ ያመጣውን ደለልም ወደ ሐይቁ ሳይገባ ይይዛል። የዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ በ2007 ዓ.ም. ለተመዘገበው ጣና ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም። የባህር ሸሽ መሬት በሚለካበት ጊዜ በውኃውና በማሳው መካከል የደንገል ሰቅ ማስቀረት ከወረዳና ከቀበሌ አመራሩ የሚጠበቅ ነው።

ሌላው የፀረ ተባይ ኬሚካል ነው። ሽንኩርትና ቲማቲም ላይ የተረጨው መድኃኒት ታጥቦ ቦይ ሲገባ በነፍሳቱና በእንቁራሪቱ በኩል ወፉ ጋ ይደርሳል። የመርጫ ዕቃን ቦይ ውስጥ አለማጠብ ገንዘብ አይጠይቅም።

ወፉ ወቀሳም አያጣውም፤ ኩሬ ቆፍሮ ዓሣ የሚያረባ ሰው ጫጩት ዓሣዎቹን ሊያጣ ይችላል። መፍትሔው ኩሬውን በመረብ መሸፈን ነው፤ መርዝ ማስቀመጥ ውሻውንም ከብቱንም ይነካል።

የሌሊት ሳቢሳ ጎጆ የሚሠራው በቡድን ስለሆነ አንድ ዛፍ ሲቆረጥ የሚፈርሰው የብዙዎች ቤት ነው። እናትና አባት ተራ በተራ እየታቀፉ ከሦስት እስከ አምስት እንቁላል ይፈለፍላሉ። ዛፉን መቁረጥ ግድ ከሆነም ጎጆዎቹ ባዶ እስኪሆኑ መታገስ ያስፈልጋል፤ ከእንቁላል መጣል ጫጩቶቹ እስኪበሩ ያለው ጊዜ ሁለት ወር ገደማ ነው።